ድምፁ ከግቢ የማይወጣ ሳጥን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ እጄ የያዘው ወይ ማማሰያ ነው፣ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ ጊታር ነው። አሁን እስክሪብቶ ያነሳሁት ይህን ታሪክ በአፌ ልናገር በጀመርኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ ስለሚያየኝ ነው። ሰው ሲያየኝ ደግሞ መሃሉ ላይ ይጠፋብኛል። ወረቀት ዓይን የለውም፣ ይሻላል።

ጊታሩ ለቤታችን የደረሰው በእጣ ነው። እኛ ጋምቤላ ውስጥ የአቦቦ ሰፋሪዎች ነን፤ አባቴና እናቴ ከወሎ ሲመጡ እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ የምሄድ ልጅ ነበርኩ። በሰፈራው መንደር አንድ የኪነት ቡድን ነበረ፤ በበዓል ቀን ጄኔሬተር እየተነሳለት ይዘፍን ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ፈረሰ፤ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ምስጥ ከሚበላው ሰው ይጠቀምበት» አሉና አከፋፈሉት። ፍርድ እንዳይጓደል ብለው ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻው እጣ አወጡ። በዚህ ምክንያት ኤሌክትሪክ ጊታሩ ለአባቴ ደረሰ፤ የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ከወንዝ ማዶ ላለ ሌላ ገበሬ ደረሰ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ደግሞ ለሦስተኛ ሰው ደረሰና ጥጃ አሰረበት። ድምፅ ማጉያውን የወሰደው ገበሬ መጀመሪያ ዶሮ አስታቀፈበት። ቀጥሎ ልጆቹ ማግኔቱን አውጥተው ሚስማር ሲለቅሙበት ከረሙ፤ ሳጥኑም ተፈልጦ ነደደ። የእሱ ነገር በዚያው አለቀ። ማንም አልተበደለም፤ የሚሠራ ነገር የደረሰውም ማንም የለም።

ድሮ በቡድኑ ውስጥ ጊታሩን ይጫወት የነበረው ጎረቤታችን ነው። ለእሱ በእጣ የደረሰው ጀሪካን ነበር። እሁድ እሁድ፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ጊታሩን ሊጠይቅ ይመጣል። አባቴ «ከቤት አይወጣም» ስላለ እዚያው መደባችን ላይ ቁጭ ብሎ ሲነካካው ይውላል። እኔም ከአጠገቡ አልጠፋም ነበር፤ ሰው ማናገር የማይጠይቅ ሥራ ሳይ ደስ ይለኛል። ጣቶቼን በየቦታቸው እያስቀመጠ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን አሳየኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ያለ ድምፅ ማጉያ ከዝንብ አይበልጥም። ጎረቤታችን አገጩን እንጨቱ ላይ ያስደግፍና በአጥንቱ ይሰማዋል። የኔ አንገት አጭር ስለሆነ ጠርዙን በጥርሴ መያዝ ተሻለኝ። ድምፁ በጥርስ ገብቶ ጭንቅላት ውስጥ ይዞራል። ምን እንደሚመስል ግን በደንብ አይለይም፤ ራስን በጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ እንደ ማየት ነው።

እንዲህ በጥርሴ እየተጫወትኩ ሳለሁ ጋምቤላ ከተማ ያለችው የእናቴ እህት ወለደችና ልረዳት ተላክሁ። ጊታሩን አባቴ ራሱ በአንሶላ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ውሰጂው» አለኝ፣ «እሱ እዚህ እስካለ ድረስ ሰውዬው እሁድ እሁድ ምሳችንን መብላቱን አይተውም።»

የአክስቴ ቤት ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር ነው። ባሏ የጤና ሠራተኛ ነበር። ገና ክልል የሆንንበት ሰሞን ስለሆነ ቢሮው ከወንበሩ ይበዛ ነበር፤ ጋሼ ጠዋት ወንበሩን ከቤት ተሸክሞ ይወጣል፣ ማታ ተሸክሞ ይመለሳል። እራት ላይ የሚመጣ እንግዳ ካለ «ቢሮው እስኪገባ ትንሽ ይቁሙ» ይባል ነበር።

አንድ ከሰዓት ሕፃኑ ሲተኛ ጊታሩን አውጥቼ ጠርዙን ነክሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ በድንገት ገባች።

«አንቺ ልጅ! ምን እየሆንሽ ነው?»

ጥርሴን አላቅቄ፣ «እየሰማሁ ነው» አልኩ።

«በጥርስ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉዴ! እህቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ‹ልጄ ከቤትሽ ገብታ እንጨት በላች› አትለኝም?»

ሳቀች፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊታሩን በክፉ ዓይን ታየው ጀመር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጊታሩ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። በዚያው ሰሞን መሃል ከተማ ሆቴል የከፈተ አንድ ሰውዬ ለእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ጌጥ ይፈልጋል መባሉን ሰማች። ሰውዬው መጥቶ ጊታሩን አየና ወደደው። ይሠራል አይሠራም ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀው በስንት ሚስማር እንደሚሰቀል ነው።

«እኔ ክፉ አይደለሁም» አለችኝ አክስቴ። «እዚያ ቢሰቀል ቢያንስ ይታያል። እዚህ አይታይም፣ አይሰማም፣ እንደ ባል አልጋ ይዞ ይተኛል። እስከ መስቀል ድረስ ድምፁን ካሰማሽኝ ይቀመጥ። ካላሰማሽኝ ለሰውዬው እሰጠዋለሁ።»

እኔ የፈራሁት ጊታሩን ማጣት ብቻ አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጫወት ራሴን በትክክል ሰምቼ አላውቅም። እችላለሁ ወይስ ጣቴን በከንቱ ነው የማለፋው? ሳልሰማው ግድግዳ ላይ ከወጣ ዕድሜዬን ሙሉ አላውቀውም።

ስለዚህ ድምፅ ማጉያ ፍለጋ ገበያው አጠገብ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። የአኙዋክ ሰው ነው፤ ሬዲዮ ይጠግናል፣ ያረጀ ዕቃ ይሸጣል፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያጫውታል። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሥራ ፈት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። እነሱ እስኪሄዱ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልሄዱም። በመጨረሻ ገብቼ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ለጊታር ድምፅ ማጉያ አለ?» አልኩ።

«ለወንድምሽ ነው?»

አንገቴን ይበልጥ ደፋሁ። ያንን እንደ አዎ ወሰደው።

«ስንት ሰው ፊት ነው የሚጫወተው?»

«ማንም ፊት አይጫወትም።»

«ታዲያ ድምፁ ለምን አስፈለገው?»

ከተቀመጡት አንዱ፣ «ዓይን አፋር ይሆናላ» አለ።

ሁለተኛው፣ «ዓይን አፋር ወንድ ጊታር ምን ያደርግለታል? ንብ ያርባ!» አለ።

ጠጋኙ እጄን ሊይዝ ምንም አልቀረው፣ እያጣደፈ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ሞንታርቦ ቆሟል። «ይኸውልሽ! ይሄ ሲጮህ ባሮ ውስጥ ያለ አዞ ወደ ማዶ ይሻገራል።»

«ትልቅ ነው» አልኩ።

«እህቴ፣ አሁን እኮ ክልል ሆነናል። ክልል ሆነን ትንሽ ነገር እንገዛለን?»

ስንመለስ የሻይ ፔርሙሱ የተቀመጠበትን ነገር አየሁት። ጥቁር ሳጥን ነው፤ መጠኑ አንድ ልጅ የሚሸከመው የትምህርት ቤት ቦርሳ ያህላል፤ ፊቱ ላይ ወንፊት የመሰለ ጨርቅና ትናንሽ ማዞሪያዎች አሉት። በጣቴ አመለከትኩ።

«ይሄ?» አለ ጠጋኙ። «ይሄ ድምፅ አይደለም፤ ይሄ ሳል ነው። ከአዲስ አበባ ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ መጣብኝ። ቤት ውስጥ ለሚማር ሰው ነው ይላሉ። ለወንድምሽ ይሄን ይዘሽለት ብትገቢ ይጣላሻል።»

ሦስቱም ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ጊታር ላይ የሚሰካ አንድ ገመድ ገዝቼ ከሱቁ ወጣሁ። ገንዘቡን ከየት አመጣሽ ለሚለኝ፣ የአቦቦ በቆሎና ሰሊጥ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ማታ ጋሼ ከወንበሩ ጋር ሲገባ አክስቴ ነገሩን አጫወተችው። ጋሼ መሥሪያ ቤት ያለው ነገር ሁሉ ለሁሉም ነገር ይበቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። «ድምፅ ማጉያ አልጋ ሥር እያለ ድምፅ ማጉያ ይገዛል እንዴ?» አለ። እውነት አልጋ ሥር ነበረ። የቢሮው መጋዘን ገና ቁልፍ ስላልተገጠመለት፣ ለክትባት ጥሪ መኪና ላይ የሚታሰረውን ጡሩምባ የመሰለ ድምፅ ማጉያ ከነማይክራፎኑ ቤት ነበር የሚያሳድረው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ሥራ ጀመረ። መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ስለሆነ የመኪና ባትሪ ተውሶ መጣ። ጡሩምባውን ማንጎው ዛፍ ላይ አሰረው። መጀመሪያ ወደ ቤት አዙሮት ነበር።

«ወደዚያ አዙረው፣ ልጁን ታስደነግጠዋለህ!» አለች አክስቴ።

ስለ ሕፃኑ ሲባል ጡሩምባው ወደ መንገዱ ዞረ። እኔ በሩን ዘግቼ ክፍሌ ገባሁ፤ ገመዱ በመስኮት ተከተለኝ። «በይ ጀምሪ!» አለ ጋሼ ከውጭ።

አንዱን ክር ነካሁት። ደጅ የሆነ ነገር አገሳ። ደንግጬ እጄን አነሳሁ፣ እንደገና ነካሁት። የኔ ነው። ጡሩምባ ስለሆነ ድምፁ በአፍንጫው የሚያወራ ሰው ይመስላል፤ ቢሆንም የኔ ጣት የሠራው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ትዝታን ከመጀመሪያው ያዝኩ። አንዱ ክር የተዛባ መሰለኝ፤ ጡሩምባው ይሁን ክሩ ይሁን ግን መለየት አልቻልኩም። ለመለየት ደጋገምኩት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ያነቃኝ የሕፃን ልቅሶ ነው። የኛ ሕፃን መሰለኝ። ቀጥሎ ሌላ ሕፃን አለቀሰ። ቀጥሎ ሌላ።

በመስኮት ብቅ ስል ግቢው እናቶች ሞልተውበታል። ልጅ ያዘለች፣ ልጅ ያቀፈች፣ ሁለት ልጅ በሁለት እጇ የምትጎትት። ለካ የክትባት ጥሪ ሁልጊዜ የሚጀምረው በሙዚቃ ነው፤ ሰው እንዲሰበሰብ ትንሽ ካሴት ያሰሙና ከዚያ «እናቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ይላሉ። ያ ጡሩምባ በዘፈን ከጮኸ ቀሪውን መስማት አያስፈልግም። ሰፈሩ የለመደው እንዲህ ነው።

ጋሼ ባትሪው አጠገብ ደርቆ ቆሟል። ከፊት የነበረች አንዲት ቁመተ ረጅም የኑዌር እናት፣ «መርፌው የታለ?» አለችው።

«ዛሬ መርፌ የለም። ዛሬ እሁድ ነው።»

«ጠራችሁን እኮ!»

«እኛ አልጠራንም። ልጅቷ ጊታር...»

«ልጄን እንቅልፉን ቀስቅሼ ነው ያመጣሁት» አለች ሌላዋ። «መንገዱን ሙሉ መርፌውን እያሰበ አልቅሷል። አሁን ሳይወጋ ብመልሰው ነገ ማን ያምነኛል?»

መርፌው ያለበት ፍሪጅ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘችው ነርስ ዘመድ ልትጠይቅ ከከተማ ወጥታለች። ጋሼ ሕዝብ ተሰብስቦ ባዶውን ሲበተን ማየት የማይችል ሰው ነው። ማይክራፎኑን አነሳና ስለ ወባ ትንኝ አስተማረ። ስለ ውኃ አፈላል አስተማረ። ስለ ሽንት ቤት አጠቃቀም ሊጀምር ሲል አንድ አሮጊት እጃቸውን አወጡ።

«ጥያቄ አለኝ ልጄ።»

«ይጠይቁ እናቴ።»

«ያንተስ ልጅ ተከትቧል?»

ጋሼ አክስቴን አየ። አክስቴ ማንጎውን አየች። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስከትብ የራሱን ረስቶ ነበር። ጡሩምባው ክፍት ስለነበር ዝምታው ራሱ እስከ መንገዱ ተሰማ። በመጨረሻ አክስቴ እየሳቀች ማንጎ አስለቅማ ለየልጁ አደለች፤ እናቶቹም «ለሰኞ ደህና አድርጋችሁ ጥሩን» እያሉ ተበተኑ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የተወጋው የኛ ሕፃን ነው።

እኔ ግን እስኪመሽ ከክፍሌ አልወጣሁም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ከዚህ በላይ ያናደደኝ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲሰማ እኔ ራሴ በደንብ አለመስማቴ ነው፤ ድምፁ ወደ መንገድ ነው የሄደው። በዚያ እፍረት መሃል አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ያቺ የጠጋኙ ሳል ነች የምታስፈልገኝ።

መስቀል ሲቃረብ ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልዬ ወደ ጠጋኙ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ጥያቄዎቼን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ስደግማቸው ሄድኩ፤ እንዳይጠፉብኝ ሱቅ ስገባ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ትንሹ ሳጥን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል?»

ጠጋኙ ፔርሙሱን አነሳና ጀርባውን ከፍቶ አየ። «ስድስት ድንጋይ ይጎርሳል።»

«የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው?»

«አለው። ግን ዕቃ ገዝቶ ድምፁን መደበቅ ምን ይባላል?»

«ዝቅ ሲል ምን ያህል ዝቅ ይላል?»

ሰውዬው ሥራውን አቆመ። «እህቴ» አለ፣ «ዕቃ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን ያህል ከፍ ይላል ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ያሳስበኛል። ለማንኛውም ራሱ ይምጣና ይሞክር።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ምንድን ነሽ?»

«ወንድሜ።»

ከተቀመጡት አንዱ ሻይ ትን አለው። ጠጋኙ ግን አልሳቀም፤ ለካ እሱም ሲያፍር መሬት መሬት ያያል። ሊረዳኝ ፈልጎ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ቴፕ አመጣ፤ ማይክራፎን የሚገባበት ቀዳዳ አለውና ሬዲዮም ይሆንሻል አለኝ። ገመዱን ሰክቼ ብነካው ጊታሬ ድስት ውስጥ የገባች ፍየል ሆነ። ሌላ መካከለኛ ድምፅ ማጉያ አመጣ፤ እሱ ደግሞ ያለ መብራት አይነሳም። መብራት የሚመጣው ሕፃኑ በሚተኛበት ሰዓት ነው፤ ተውኩት። ከዚያ ትንሹን አቧራውን አራግፎ ድንጋይ አጎረሰው። የጆሮ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ስህተቴን ነው። ያ ክር የተዛባው ለካ በጡሩምባው ምክንያት አልነበረም፤ በጥርሴ ስቃኘው የኖርኩት እኔው ነኝ። እያዳመጥኩ ቀስ ብዬ አጠበቅሁት። ቦታው ሲገባ ገላዬን ወረረኝ። ትዝታን ጀመርኩ። ጣቴ ክር ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ሲርታ ሳይቀር ይሰማል። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳትኩ፣ አንድ ቦታ ላይ ቸኮልኩ። ቀሪው ግን ደህና ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከደህናም ይበልጥ ነበር።

ስጨርስ ዞር አልኩ። በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። አንዱ፣ «ምን ሆና ነው?» ይላል።

«ዝም በሉ፣ እየተጫወተች ነው» አለ ጠጋኙ።

«ምንም አይሰማም እኮ!»

«ለእናንተ አይደለማ!»

ሳጥኑን ከነማዳመጫው ገዝቼ አቅፌው ወጣሁ።

የመስቀል ዋዜማ ዕለት ከሰዓት ባለሆቴሉ ሰውዬ ግቢያችን መጣ። ሚስማሩን ሳይቀር ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር። አክስቴ ሕፃኑን አዝላ ማንጎው ሥር እኔን እያየች ነው። እኔ ጊታሩን ይዤ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

«እኔ ቃሌን ጠብቄአለሁ» አለችኝ። «ድምፅ ማጉያ ገዛሽ፤ እሺ። ግን ይኸው ዛሬም አይሰማም። አሁንስ ምን ልበልሽ?»

ማስረዳት አልችልም ነበር፤ ሰውዬው ቆሞ እያየኝ ቃል አይወጣኝም። ተነሳሁና ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ በሻሿ ላይ፣ ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ከዚያ በፊት ሰው እንዲሰማኝ ሆን ብዬ ተጫውቼ አላውቅም። ሰውዬውን ላለማየት ዓይኔን ክሩ ላይ ተክዬ አምባሰልን ጀመርኩ።

አክስቴ የወሎ ልጅ ናት። መጀመሪያ ቅንድቧ ተነሳ። ቀጥሎ አንዱ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከነሕፃኑ።

«እና ልውሰደው?» አለ ሰውዬው።

«ምን?» ብላ ጮኸች፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጆሮዋ ስለተሸፈነ ጩኸቷን አታውቀውም።

«ጊታሩን! ልውሰደው ወይ?»

«ቆይ እስቲ ሰውዬ! አታቋርጠን!»

ሰውዬው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። ለእሱ የሚሰማው የጣቴ መፋተግ ብቻ ነው፤ የሚያየው ደግሞ በባዶ ጸጥታ ትከሻዋን የምትሰብቅ ሴት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ሌላ ነገር ስቀል!» አለችው አክስቴ ባለ በሌለ ድምፅዋ። «የጎሽ ቀንድ ስቀል! ይሄ የሚሰቀል አይደለም!»

ሰውዬው ሚስማሩን ኪሱ ውስጥ እያንቀጫቀጨ ወጣ። በጩኸቱ ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ፤ አልሰማችውም። በአጥሩ ላይ ግራም ቀኝም የጎረቤት ራስ ብቅ ብቅ አለ፤ አላየቻቸውም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቀጠልኩ። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ወደ እኔ ጎንበስ አለችና፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ስትል ጮኸችብኝ፦

«ኧረ ቀስ አድርጊው! ጎረቤት ይሰማናል!»